የአባቴን ድምፅ ፍላሽ ላይ ያስቀረሁበት ቅዳሜ

«ወራጅ አለ» ማለት የሚያሳፍረው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ካላጋጠማችሁ እኔን ተዋወቁኝ። ሚኒባስ ስሳፈር የምወርደው ሌላ ሰው በሚወርድበት ቦታ ነበር። የሚወርድ ከጠፋ ደግሞ ሰፈሬን በመስኮት እያየሁ አልፌ፣ መጨረሻው ላይ ከሁሉም ጋር ወርጄ፣ የመጣሁበትን መንገድ በእግሬ እመለሳለሁ። ሀዋሳ ሜዳ ስለሆነች ለእግር አታስቸግርም፤ እኔ ግን ሜዳነቷን ከሚገባው በላይ ተጠቅሜበታለሁ።

ምሕረት እባላለሁ። ይህ ነገር ሲደርስብኝ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የምሠራው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ነው። ሥራው ተመችቶኝ ነበር፤ ፋይል አይናገርም፣ ተናገሪም አይልም። ባልደረቦቼ «ምሕረት ምላስ የላትም» ይሉኝ ነበር። ተሳስተዋል፤ ነበረኝ። ምላሴ አባቴ ነበር። ትምህርት ቤት ያስመዘገበኝ፣ ውጤቴ ሲሳሳት ርዕሰ መምህሩን የሞገተልኝ፣ አዲስ ከተማ የሚባለው ሰፈር ቤት ስከራይ ከአከራይዋ ጋር የተነጋገረልኝ እሱ ነው። እኔ ከኋላው ቆሜ ራሴን እነቀንቃለሁ።

አባቴ አቶ ዱካለ ይባላል፤ ከሀዋሳ ወጣ ብሎ ቡሹሎ አካባቢ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ፣ አሁን ጡረታ የወጣ መምህር ነው። የትምህርት ቤቱ ደወል በተሰረቀ ጊዜ ተማሪ የሚሰበሰበው በእሱ ጥሪ ነበር ይባላል። የተጋነነ መስሏችሁ ከሆነ አልሰማችሁትም ማለት ነው።

ያ ድምፅ የሄደው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ሻከረ። «ጉንፋን ነው» አለን። ቀጥሎ ቀጠነ። «ብርድ ነው» አለን። ሹክሹክታ ብቻ ሲቀረው ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ተላክን። ዶክተሩ ሳያድበሰብስ ፊት ለፊት ነገረን፤ ለዚህ እስካሁን አመሰግነዋለሁ። ጉሮሮው ውስጥ፣ ድምፅ ማውጫው ላይ፣ ዕጢ በቅሏል። ሕይወቱ እንዲተርፍ ድምፅ ማውጫው መነሣት አለበት። «ይተነፍሳሉ፣ ይበላሉ፣ ይኖራሉ። መናገሩ ግን ይቀራል» አለው። ቀዶ ሕክምናው ከሁለት ሳምንት በኋላ ላለው ሰኞ ተቀጠረ፤ እስከዚያ ወደ ቤት ተመለስን።

አባቴ በዚያች በቀረችው ሹክሹክታ «እስካሁን የጮኽኩት ይበቃል» አለ። እናቴ አለቀሰች። እኔ እንደ ልማዴ ከኋላቸው ቆሜ ራሴን ነቀነቅሁ።

እንግዲህ ከመታመሙ ከወራት በፊት አንድ ጋዜጠኛ ቡሹሎ ድረስ መጥቶ፣ ስለ ድሮ መምህራን ለሚያዘጋጀው የቴሌቪዥን ፕሮግራም አባቴን አነጋግሮት ነበር። ሳይተላለፍ ቆየ፤ እኛም ረሳነው። ለቀዶ ሕክምናው ሳምንት ሲቀረው ጋዜጠኛው ደወለና «ዓርብ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጠብቁን» አለ።

ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። የአባቴ ድምፅ፣ ያ ጤነኛው ድምፅ፣ እኛ ቤት የለም። «ስልክ የለሽም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለኝ። ስልኬ ውስጥ የአባቴ ፎቶ መዓት ነው። ድምፁ ግን አንድም ቦታ የለም። የእህቴ ሠርግ ቪዲዮ ላይ ሲመርቅ ይታያል፤ ካሜራማኑ ከላይ መዝሙር ጭኖበት አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሰው አባቱ በየቀኑ እየተናገረ ድምፁን ልቅዳ ብሎ አያስብም።

ጋዜጠኛውን ኮፒ እንዲሰጠን ጠየቅሁት። «በደብዳቤ ማመልከት ነው፤ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል» ሲለኝ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ዘጋሁ። ጊዜ እንደሌለን እንኳ አልነገርኩትም። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርኩ።

ደግነቱ የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ፍላሽ የሚቀበል ሪሲቨር ነበረኝ። ሪሞቱ ላይ ያለችውን ቀይ ቁልፍ ሲጫኑ የተከፈተውን ጣቢያ ይቀዳል። ሰው በሌለበትም ሰዓት ከሞሉለት ራሱ ጀምሮ ራሱ ያቆማል። ዓርብ ማታ ዘመድና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለአባቴ ሊጸልዩ ቡሹሎ ስለሚሰበሰቡ እኔም እዚያ መገኘት ነበረብኝ። የአባቴ ሪሲቨር ደግሞ አሮጌ ነው፤ ፍላሽ መሰኪያ የለውም። ስለዚህ ከቤት ከመውጣቴ በፊት ፍላሼን ሰካሁ፣ ጣቢያውን መረጥኩ፣ መጀመሪያው ላይ 02:00፣ ማብቂያው ላይ 03:00 ብዬ ሞላሁ። ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። ለራሴም «ጎበዝ» አልኩ።

አንዳንዶቻችሁ ከአሁኑ ስቃችኋል። ቆዩኝ።

ጸሎቱ እንዳለቀ ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። ልክ በሁለት ሰዓት አባቴ ብቅ አለ፤ ያ ግራጫ ኮቱን ለብሶ፣ ሐይቁን ከኋላው አድርጎ። መናገር ሲጀምር ሰው አንዴ ቴሌቪዥኑን፣ አንዴ ጥግ ላይ ጋቢ ለብሶ የተቀመጠውን አባቴን ያያል። እኔ ሻይ አዞራለሁ፤ ስኳር አለቀ ተባልኩና ጎረቤት ሮጥኩ፤ ተመልሼ ብርጭቆ አጠብኩ።

«ቁጭ ብለሽ አትሰሚም?» አለችኝ እናቴ።

«እየተቀዳ ነው። በኋላ ተረጋግቼ እሰማዋለሁ» አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት አልፎ ቤቴ ደረስኩ። ጫማዬን ሳላወልቅ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። ፍላሹ ላይ የአንድ ሰዓት ርዝመት ያለው ፋይል ተቀምጧል። ደስ አለኝ። ስከፍተው የጣቢያው አርማ በሰማያዊ መደብ ላይ ቀስ እያለ ይሽከረከራል፤ ለስለስ ያለ ሙዚቃም አለው። አሁን ይጀምራል ብዬ ጠበቅሁ። ወደፊት አሳለፍኩት፤ አርማ። ደግሜ አሳለፍኩት፤ አርማ። እስከ መጨረሻው አርማ ነው።

ከዚያ ዓይኔ ሪሲቨሩ ላይ ወዳለው ሰዓት ሄደ። 09:14 ይላል። የግድግዳዬ ሰዓት ሦስት ከሩብ ሊሆን ነው።

ሪሲቨሩ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። የእኛ የምሽት ሁለት ሰዓት ለእሱ ሃያ ሰዓት ነው። እኔ 02:00 ብዬ ያዘዝኩት ደግሞ በእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ጣቢያው ሥርጭቱን ጨርሶ አርማውን የሚያዞርበት ጊዜ ነው። ሪሲቨሩ ያልኩትን አደረገ። ሰው የአውሮፕላን ትኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አንብቦ በረራ አመለጠው ሲባል ስንት ጊዜ ስቄያለሁ! ተራው የእኔ ሆነ።

ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ራሴን ሰደብኩ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ፊቴን ታጠብኩና ስልኬን አነሣሁ። ደወልኩ።

«ሃሎ፣ ምሕረት ነኝ፤ የመምህር ዱካለ ልጅ።»

«እህ! እንዴት ነበር ፕሮግራሙ?»

«በጣም ጥሩ ነው። ይደገማል?»

«ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደገማል። ከዚያ በኋላ በቃ።»

«በእኛ ነው በፈረንጅ?»

«በእኛ።»

«ከቀኑ ነው ከሌሊቱ?»

ሳቀ። «እህቴ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። በፈረንጅ ካልሽ አሥራ አምስት ሰዓት። ምነው?»

«ኢንተርኔት ላይስ ትጭኑታላችሁ?»

«ይሄኛውን አንጭነውም።»

በሌላ ቀን ቢሆን «እሺ፣ አመሰግናለሁ» የምለው እዚህ ላይ ነው። «አባቴ ሰኞ ጉሮሮውን ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል» አልኩት። «ከሰኞ በኋላ ድምፅ የለውም። ሌላ ቦታ ድምፁ የለንም። ለዚህ ነው የምጠይቅህ።»

«አላወቅሁም ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ኮፒውን ለማግኘት እሞክራለሁ፤ ግን ቃል አልገባልሽም። አንቺ የዛሬውን እንዳታሳልፊው።»

ማሳለፍማ የለም። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥኩ። ሰዓት የሚባል ነገር ሳልሞላ፣ በገዛ ጣቴ ቀይዋን ቁልፍ ልጫን ወስኛለሁ። ምሳም አልበላሁ። ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ መብራት ጠፋ።

ይመጣል ብዬ አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። አልመጣም። ወጥቼ የአከራዬን የእትዬ አስካለን በር አንኳኳሁ። እትዬ አስካለ ከሰሜን በባላቸው ሥራ ምክንያት መጥተው ሀዋሳ የቀሩ፣ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ የሚያውቁ ሴት ናቸው።

«እትዬ፣ የእኛ ግቢ ብቻ ነው የጠፋው?»

«ምን የእኛ ብቻ፣ እስከ አስፋልቱ ማዶ መብራት የለም። ዛሬ ምሽትም ከመጣ ተመስገን ነው።»

«ጀነሬተር ያለው ማነው?»

«ኳስ ቤቱ ነዋ! ጋሽ ማቴዎስ። ጨዋታ ባለ ቀን እኮ ያንን ማሽን እያስነሣ ጆሯችንን ያደነቁረናል። ይኸው አይሰማሽም?»

ይሰማኝ ነበር። ፍላሼን ከሪሲቨሩ ነቅዬ በመዳፌ ጨብጬ ወጣሁ።

ኳስ ቤቱ በቆርቆሮ የታጠረ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት ረጅም አዳራሽ ነው። በዚያ በር ሁልጊዜ አልፋለሁ፤ ገብቼ ግን አላውቅም። ሴት የሚባል የለበትም። ስደርስ አርባ የሚሆኑ ወንዶች ቦታ ይዘው ጫት የሚቅመው ይቅማል፣ ለውዝ የሚፈለፍለው ይፈለፍላል፣ የሚከራከረው ይከራከራል። በሩ ላይ ስቆም ግማሹ ዞሮ አየኝ። ከዚህስ ስንት ፌርማታ ቢያልፈኝ ይሻለኝ ነበር። ግን ወደ ኋላ ብመለስ የሚናገርልኝ ሰው የለም፤ የሚናገርልኝ ድምፅ ራሱ ነው ሊጠፋ የተቃረበው። ገባሁ።

ጋሽ ማቴዎስ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጠው ሽቦ ያስተካክላሉ።

«ጋሽ ማቴዎስ፣ ጤና ይስጥልኝ። ምሕረት ነኝ፤ እትዬ አስካለ ግቢ ተከራይ።»

«ምን ልታዘዝ፣ ልጄ?»

«ሪሲቨርዎ ፍላሽ ይቀበላል?»

«ይቀበላል። ምነው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ፕሮግራም ልቅዳበት። አባቴ የተናገረበት ነው። እባክዎ።»

የግድግዳውን ሰዓት አዩ። «ጨዋታው ዘጠኝ ተኩል ይጀምራል። እስከዚያ ይበቃሻል?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ፕሮግራሙ ሃምሳ አምስት ደቂቃ እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ሪሲቨር ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ጣቢያ ነው፤ እየቀዳ ሳለ ወደ ሌላ ከተቀየረ ቀረጻው ይቋረጣል። ይህንንም አውቃለሁ።

«ይበቃኛል» አልኳቸው። ዋሸሁ።

ፍላሼን ሰኩት፣ ጣቢያውን አገኙት፣ ሪሞቱን ሰጡኝ። ለዘጠኝ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ለሙከራ ቀይዋን ቁልፍ ብጫን «ቦታ የለም» የሚል ጽሑፍ መጣ። ያ የሚሽከረከር አርማ ፍላሹን ሞልቶት ነበር። ለማጥፋት ስፈልግ የሰውየው ሪሲቨር ከእኔው የተለየ ሆነብኝና የማላውቀው ማውጫ ውስጥ ገባሁ፤ ወጣሁ፤ ደግሜ ገባሁ። ጀርባዬን ላብ አጠመቀው። አርማውን እንዳጠፋሁ የፕሮግራሙ ዜማ ጀመረ። ተጫንኩ። ጥግ ላይ ቀይ ነጥብ በራች።

አባቴ መጣ። «ስሜ ዱካለ ይባላል» አለ ያ ድምፅ፤ አዳራሹን ሞላው። አንዱ ከኋላ «ሰውዬው ማይክ አያስፈልጋቸውም!» ብሎ አሳቃቸው። እኔም ሳቅሁ። መጀመሪያ የተመደበበትን ትምህርት ቤት፣ በክረምት ጭቃ የሄደበትን መንገድ፣ ተማሪዎቹን ጠመኔ ሲያልቅበት በከሰል ያስተማረበትን ጊዜ ተረከ። ሰዉ የራሱን ወሬ ያወራል፤ የሚሰማም ነበር። እኔ ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነው።

ዘጠኝ ተኩል ሊሆን አራት ደቂቃ ሲቀረው ጫጫታው በረታ። «ጋሽ ማቴ! ቀይር እንጂ! አሰላለፍ እየተነገረ ነው!»

ጋሽ ማቴዎስ እጃቸውን ዘረጉልኝ። «በይ ልጄ፣ ሪሞቱን።»

ሪሞቱን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ያዝኩት። «አላለቀም» አልኩ።

«ይበቃኛል አላልሽም?»

«ዋሽቼ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀረዋል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ከፊት ወንበር አንድ ግዙፍ ሰው ተነሣ። በላይነህ ይባላል፤ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ነው፤ የደጋፊዎቹ አለቃም እሱ ነው። የቡድኑን ማልያ ለብሷል። «እህቴ፣ ቀልድ አናውቅም። ሳምንት ሙሉ ይህችን ቀን ስንጠብቅ ነው የቆየነው። አባትሽን በስልክሽ ቅረጪያቸው!»

«በስልክ የእናንተ ጫጫታ ነው የሚቀዳው።»

«እሱ የአንቺ ጉዳይ ነው። ሪሞቱን ለሰውዬው ስጪ!»

«አልሰጥም።»

ይህን ቃል የተናገርኩት እኔ መሆኔን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። ሁሉም ተነሥቷል። አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ «ጋሽ ማቴ፣ ነቅለህ ጣልላት!» ይላል። ቴሌቪዥኑ ፊት ቆምኩና ጮኽኩ። በሕይወቴ ጮኼ ስለማላውቅ ድምፄ ተሰነጣጥቆ ወጣ፤ ግን ወጣ።

«ይህ የምታዩት ሰው አባቴ ነው! ሰኞ ጉሮሮው ይቀደዳል! ከሰኞ በኋላ አንድ ቃል አይናገርም! ይህ ድምፅ የትም የለም፤ ቤታችን የለም፣ ስልኬ ላይ የለም። ትናንት ልቀዳው ነበር፤ በራሴ ድንቁርና አበላሸሁት። ጨዋታችሁ ማታ ይደገማል፤ ነገም ይደገማል። አባቴ አይደገምም! ከፈለጋችሁ እኔን አውጥታችሁ ጣሉኝ፤ ሪሞቱን ግን አልለቅም!»

ጋሽ ማቴዎስ የዘረጉትን እጅ ቀስ ብለው መለሱ። በላይነህ አንዴ እኔን፣ አንዴ ቴሌቪዥኑን አየ። ከዚያ ድንገት ዞሮ ሕዝቡ ላይ ጮኸ፦

«ዝም በሉ! ቁጭ በሉ! ድምፃችሁ ይገባል!»

ሳልነግራችሁ ማለፍ የለብኝም፤ ከሪሲቨር ወደ ፍላሽ ሲቀዳ የክፍሉ ድምፅ አይገባም። የሚቀዳው ከዲሹ የመጣው ብቻ ነው። አርባ ሰው ቢዘፍን አንዲት ቃል አትገባም። በላይነህ ይህን አያውቅም፤ ሌሎቹም አላወቁም። እኔ አውቃለሁ። ትንፍሽ አላልኩም።

አርባ ወንድ እየተጠቃቀሰ ተቀመጠ። የሳለው በክንዱ አፍኖ ሳለ። ለውዝ የሚፈለፍለው ሰውዬ እንዳይንኮሻኮሽ ከረጢቱን መሬት አኖረ። ስልኩ የጮኸበት ደንግጦ ሮጦ ወጣ። በላይነህ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ መደዳውን ይቃኛል። ቀድሞ የማይሰማው ሁሉ ዝም ሲል መስማት ጀመረ። አባቴም የሚያወራው ለእነሱ ይመስል ነበር።

ጋዜጠኛው «በክፍልዎ ውስጥ ከሁሉም ያስቸገረዎት ተማሪ ምን ዓይነት ነበር?» ሲል ጠየቀው። አባቴ ሳቀና፣ ከልቡ ሲናገር እንደሚያደርገው፣ ወደ እናት ቋንቋው ወደ ሲዳሙ አፎ ገባ። ከሥር የሚጻፍ ትርጉም የለውም። ይህ ክፍል ትናንት ማታ ስኳር ፍለጋ የሮጥኩበት ጊዜ ላይ የዋለ መሆን አለበት፤ አልሰማሁትም ነበር። አሁን ስሰማ ሰዓቱን ማየት ተውኩ።

በላይነህ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «ምን አሉ?» አለኝ። ከኋላም «ምን አሉ? ምን አሉ?» የሚል ሹክሹክታ መጣ። ሲዳሙ አፎ የሚያውቁት ጥቂቶቹም እኔን ያያሉ። መተርጎም ያለብኝ እኔ ነበርኩ።

«ያስቸገረኝ የሚረብሸው አይደለም አለ» አልኩ። «ያስቸገረኝ ዝም የሚለው ነው። ክፍል ውስጥ አፉን የማይከፍት ልጅ ሰነፍ ይመስላል፤ አይደለም፤ ወረፋውን እየጠበቀ ነው አለ።» ቀጠልኩ። «ቤቴም እንዲህ ያለች ልጅ አለችኝ አለ። ሰዎች ምላስ የላትም ይሉኛል። እኔ ደግሞ በእሷ ፋንታ መናገር አበዛሁባት፤ ወረፋዋን የያዝኩባት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ትናገራለች፤ ያን ቀን እኔ ዝም ብዬ መስማት እፈልጋለሁ አለ።»

ወደ አርባዎቹ ዞርኩ።

«ልጅቷ እኔ ነኝ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ዕንባዬ ወረደ፤ አላፈርኩበትም። ጋሽ ማቴዎስ ወንበር አመጡልኝ፤ አልተቀመጥኩም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ አምስት፣ የፕሮግራሙ አዘጋጆች ስም ሁሉ አልፎ እስኪያልቅ ቆምኩ። ቀረጻውን አቆምኩ፤ ከፈትኩና መጀመሪያውን፣ መሐሉን፣ መጨረሻውን አየሁ። አባቴ ነው። አርማ አይደለም። ፍላሹን ነቅዬ ሪሞቱን ለጋሽ ማቴዎስ በሁለት እጄ ሰጠሁ።

ጣቢያው ሲቀየር ውጤቱ አንድ ለባዶ ሆኖ ጠበቃቸው። ያገባው የእነ በላይነህ ቡድን ነው። አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ኧረረረ!» አለ። በላይነህ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ጎላችንን ሳናየው አስቀረሽን!» አለኝ። ከዚያ እስከ በሩ ሸኘኝና «አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ» አለ። «ሰኞ ምን እንደሆነ ግን መጥተሽ ካልነገርሽን እንቀየማለን።»

በዚያው ወደ ቡሹሎ ሄድኩ። አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። የሆነውን ሁሉ፣ ሰዓቱን ያበላሸሁትን፣ የዋሸሁትን፣ የጮኽኩትን አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ያን ያህል ረጅም ወሬ ያወራሁለት ቀን ትዝ አይለኝም። እሱ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል ሰማኝ። ስጨርስ ጎንበስ እንድል በእጁ ጠራኝና በጆሮዬ «ጨዋታው ስንት ለስንት አለቀ?» አለኝ።

እሑድ አዲስ አበባ ወሰድነው፤ ሰኞ ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። አባቴ ዳነ። ድምፁ ሄደ። ጋዜጠኛው ስለ ኮፒው እስከ ዛሬ አልደወለም፤ አልተቀየምኩትም፤ ግን ያን ቀን እሱን ብጠብቅ ኖሮ ዛሬ በእጄ ያለው ምን እንደነበር አስቡት። ፍላሹን ኮምፒዩተር ላይም፣ ሌላ ፍላሽ ላይም፣ እህቴም ዘንድ ገልብጫለሁ። እናቴ ሲናፍቃት ትከፍተዋለች። እኔ ሲዳሙ አፎ የሚናገርበትን ቦታ በደቂቃ አውቀዋለሁ።

እናንተስ? የምትወዱት ሰው ድምፅ አላችሁ? ፎቶውን አልጠየቅኋችሁም። ዛሬ አጠገቡ ተቀመጡና ስለ ልጅነቱ ጠይቁት፤ እያወራ ቅዱት። ሰዓት ሞልታችሁ ለማሽን አትተዉት። ሁለተኛው ምክሬ ይከብዳል፤ እኔም ሃያ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። የምትፈልጉትን ነገር ጠይቁ። ደብዳቤ አምጡ ካሏችሁ ለምን እንደቸኮላችሁ ንገሯቸው። ሰው ክፉ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የማይረዳን ስላልነገርነው ነው። ዋሽታችሁ ግቡ ግን አልልም፤ ጋሽ ማቴዎስን ካሣ ብዬ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ እጋብዛቸዋለሁ።

ባለፈው ወር አባቴ ለረጅም ዓመታት የመራውን የቡሹሎ እድር ለሌላ ሰብሳቢ አስረከበ። የስንብት ንግግሩን በእጁ ጻፈና፣ ስብሰባው ላይ መቶ ከሚበልጥ ሰው ፊት ወረቀቱን ለእኔ ሰጠኝ። ቀድሜ አላየሁትም። ተነሥቼ ቆምኩ፤ ማንበብ ጀመርኩ። የቆየበትን ዘመን፣ የቀበራቸውን ወዳጆች፣ ያስታረቃቸውን ሰዎች ጽፏል። ሁለተኛው ገጽ መሐል ላይ ስደርስ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሣ ቀጠልኩና እንዲህ ብዬ አነበብኩ፦

«እዚህ ላይ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ ምሕረት፤ ከኋላ የተቀመጡት አይሰሙሽም።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ዞሬ አባቴን አየሁት። ድምፅ በሌለው ሳቅ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ መዳፉን ወደ ላይ ወደ ላይ ያነሣል።

ድምፄን ከፍ አደረግሁ።